የኡሙ አይመን እንባ



ዛሬ የምንተርከው የአንዲት ሐበሻዊት ሰሓብያ ሕይወት ነው። ኡሙ አይመንን (ረ.ዐ.) ብዙዎቻችን በስም እናውቃቸዋለን። የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሞግዚት ነበሩ ብለን እናልፋለን። ወደ ታሪካቸው ከመግባታችን በፊት ለምን እርሳቸውን እንደመረጥን መናገር አለብን፤ ምክንያቱ የራሳችን ጥፋት ነውና።

ባለፈው ረመዳን ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ሰመራ ተጉዘን ለጥቂት ሌሊቶች ተራዊሕ አሰግደን ነበር። በሦስተኛው ሌሊት፣ በዊትር ሰላት ቁኑት ላይ ሳለን፣ ከመጋረጃው ጀርባ ከሴቶች በኩል የአንዲት እናት ልቅሶ ተሰማ። ጩኸት አልነበረም፤ ግን አላቋረጠም። ሰላቱ እንዳበቃ ድምፅ ማጉያውን ያዝንና ስለ ሶብር ተናገርን። ሙእሚን የአላህን ውሳኔ ረጋ ብሎ እንደሚቀበል፣ መስጂድም የለቅሶ ቤት እንዳልሆነ አስረዳን። ስም አልጠራንም፤ ሆኖም ለማን እንደተነገረ ሁሉም ያውቃል። በማግሥቱ ሌሊት እኚያ እናት አልመጡም። ከዚያም በኋላ አልመጡም።

ከጀመዓው መካከል አንድ የአፋር አዛውንት እጃችንን ይዘው ወደ ውጭ ወሰዱን። የሴትዮዋ ልጅ በኦቦክ በኩል ባሕሩን ሊሻገር ከቤት ከወጣ ወራት አልፈዋል፤ ይሙት ይዳን የሚያውቅ የለም። ይህን ከነገሩን በኋላ ዳጉን እናውቅ እንደሆነ ጠየቁን። ከአፋር ውጭ ላላችሁ አንባቢያን፣ ዳጉ ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን የሚለዋወጡበት የቆየ ሥርዓት ነው። ዝናብ የት እንደጣለ፣ ግጦሽ የት እንዳለ፣ ማን እንደሞተ፣ የማን ግመል እንደጠፋ ይነጋገራሉ። ዳጉ ላይ መዋሸት ወይም የሚያውቁትን መደበቅ ትልቅ ነውር ነው፤ ቤተሰብም ከብትም የሚነሣው በዚያ ወሬ ነውና። አዛውንቱ ያሉን ነገር አጭር ነበር። ሰው ለመንገደኛ እውነቱን እየነገረ ለጌታው ሲሆን ለምን አሳምሮ ያቀርባል፣ ያቺ እናት ለአላህ ዳጉዋን እየሰጠች ነበር አሉን።

መልስ አልነበረንም። ከልጅነታችን ጀምሮ በቁርኣንና በዐረብኛ ትምህርት ላይ ብንኖርም የምንለው አጣን። ወደ ማረፊያችን ተመልሰን የሰሓባን ታሪክ ስናገላብጥ ደጋግመን የቆምነው ኡሙ አይመን ዘንድ ነው።

ስማቸው በረካ ቢንት ሠዕለባ ነው። የዘር ሐረጋቸው ከሐበሻ ነው። መካ ውስጥ በነቢዩ አባት በዐብዱላህ ቢን ዐብዱልሙጦሊብ ቤት በባርነት ያገለግሉ ነበር። ዐብዱላህ ለንግድ ወጥተው ሲመለሱ በየስሪብ ታመው ሞቱ። ልጃቸው ገና አልተወለዱም። የታሪክ ጸሐፊዎች ዐብዱላህ የተዉትን ውርስ ሲቆጥሩ አምስት ግመሎችን፣ ጥቂት በጎችንና በረካን ይጠቅሳሉ። ከግመልና ከበግ ጋር ተቆጥረው የተወረሱት ሴት ናቸው እንግዲህ፣ ኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከእናታቸው ቀጥሎ እናታቸው መሆናቸውን በሰው ፊት የሚናገሩላቸው።

ነቢዩ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው እናታቸው አሚና ከአባት ወገን ያሉትን የበኒ ነጃር ዘመዶች ሊያሳዩዋቸው ወደ የስሪብ ወሰዷቸው። ሦስት ሰዎች፣ ሁለት ግመል። ሦስተኛዋ በረካ ነበሩ። አንድ ወር ያህል ቆይተው ሲመለሱ፣ አብዋእ በምትባል ስፍራ አሚና ታመሙ። እዚያው ሞቱ፣ እዚያው ተቀበሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። አንዲት ባሪያ፣ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ፣ አንድ ትኩስ መቃብር፣ ከፊት ደግሞ የቀናት የበረሃ መንገድ። ከገዋኔ እስከ ሚሌ ያለውን ሜዳ በእግሩ ያቋረጠ ሰው ይህን ለመገመት አይቸገርም። በረካ ልጁን አቅፈው መካ አድርሰው ለአያታቸው ለዐብዱልሙጦሊብ አስረከቡ። በዚያ መንገድ ላይ ምን እንዳሉ፣ እንዴት እንዳጽናኑ የተጻፈ የለም። የተጻፈው ከብዙ ዓመታት በኋላ የሆነው ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የእናታቸውን መቃብር ሲጎበኙ አለቀሱ፣ በዙሪያቸው የነበሩትንም አስለቀሱ። ነቢይ ከሆኑ በኋላ ነው ይህ። ሐዘኑ ጊዜው አልፎበታል ብለው አልተዉትም።

ሁለት ዓመት ሳይቆይ አያቲቱ ዐብዱልሙጦሊብም ሞቱ። ነቢዩ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። የአያታቸው አስከሬን የተጋደመበትን አልጋ ከኋላ ሆነው እያለቀሱ ሲከተሉ ያዩት፣ አይተውም ለኋላው ትውልድ የነገሩት ኡሙ አይመን ናቸው። የሰው ልጅ ልቅሶ በእኚህ ሴት ዓይን ፊት ብዙ አልፏል። የሚያለቅስ ልጅን ዝም በል ያሉበት ዘገባ ግን አላገኘንም።

ነቢዩ በሃያ አምስት ዓመታቸው እናታችንን ኸዲጃን (ረ.ዐ.) ሲያገቡ በረካን ነፃ አወጡ። ከዚያ በኋላ የኸዝረጁን ዑበይድን አገቡ፣ አይመንን ወለዱ፣ ኡሙ አይመን የሚለው መጠሪያም ከዚህ መጣ። ባላቸው ዑበይድ ሞቱባቸው። እስልምና ሲመጣ ከቀደሙት አማኞች መካከል ሆኑ፤ ዘይድ ቢን ሓሪሣም (ረ.ዐ.) አገቧቸው። ዘይድም እንደ እርሳቸው የባርነትን ቀንበር የቀመሱና በነቢዩ እጅ ነፃ የወጡ ሰው ነበሩ። ከእርሳቸው ኡሳማ ተወለዱ።

በነቢይነቱ በአሥረኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ619 አካባቢ፣ ኸዲጃና አቡ ጧሊብ በተቀራረበ ጊዜ ሞቱ። ዓመቱ የሐዘን ዓመት የሚል ስም ያወጣው በዚህ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተስፋ አድርገው ወደ ጧኢፍ ሲሄዱ አብረዋቸው የነበሩት የኡሙ አይመን ባል ዘይድ ናቸው። የጧኢፍ ሰዎች ልጆቻቸውንና ባሮቻቸውን አነሣሥተው በድንጋይ አባረሯቸው። የነቢዩ እግር ደማ። ዘይድ በገላቸው እየጋረዱ ራሳቸው ላይ ቆሰሉ።

ከዚያ ወጥተው በአንድ የወይን አትክልት ጥላ ሥር ተቀመጡ። በሲራ ኪታቦች የተላለፈው የጧኢፍ ዱዓ የተባለው እዚያ የተደረገ ነው። ቃሉን እዚህ አንገለብጠውም፤ ብዙዎቻችሁ በቃል ታውቁታላችሁ። የአነጋገሩን ቅደም ተከተል ግን አስተውሉ። ልመና አልቀደመም፤ ስሞታ ቀደመ። ኃይላቸው መድከሙን፣ መላ ማጣታቸውን፣ በሰው ፊት መናቃቸውን ለአላህ ተናገሩ። የሆነውን አላሳነሱም፣ አላስዋቡም። አላህ ካልተቆጣቸው ሌላው እንደማያሳስባቸው የተናገሩት ይህን ሁሉ ካፈሰሱ በኋላ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን፤ የመጀመሪያውን ቆርጠን እንጥላለን።

ይህን የምንለው ስለራሳችን ነው። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ የእኛ አካባቢ መሬት ለወራት ሲናወጥ እንደነበር ታውቃላችሁ። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ቤቶች ተሰነጣጠቁ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ በዶፈን ተራራ አጠገብ ከመሬት ጭስና ትነት ወጣ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሥቶ ሜዳ ላይ ሰፈረ። እኛም ድንኳን ውስጥ አሰግደናል። ሰው እንዴት ነህ ሲባል አልሐምዱሊላህ ይላል፤ ይህ የአማኝ ወግ ነው፣ ይኑርም። ሌሊት መሬቱ ሲነቃነቅ ግን እኛ በሚያምር ዐረብኛ የተሸመደደውን ዱዓ እያነበነብን፣ ጆሯችን ከመሬቱ ድምፅ ላይ ነበር። ጌታዬ ፈርቻለሁ የምትለዋ ቀላል ቃል ከአፋችን አልወጣችም። ኢማም የሚፈራ አይመስለንም ነበር መሰለኝ። ያን ፍርሃት ሳንናገረው ይዘነው ወደ ሰመራ ሄድን፤ ከሳምንታት በኋላም የራሷን ስትናገር የሰማናትን እናት ገሠጽን።

ወደ ኡሙ አይመን እንመለስ። ወደ መዲና ሲሰደዱ ጾመኛ ነበሩ፤ ውሃም አልያዙም። ረውሓእ አካባቢ ሲደርሱ መሸ፣ ጥሙም ጠናባቸው። ኢብን ሰዕድ እንደዘገቡት፣ ነጭ ገመድ የታሰረበት የውሃ ባልዲ ከሰማይ ወረደላቸው፤ እስኪረኩ ጠጡ። ከዚያ በኋላ በሐሩር ቀን እየጾሙ እንኳ ያ ዓይነት ጥም እንዳልነካቸው ይናገሩ ነበር። የአዋሽ ሸለቆን ሙቀት በጾም የሚያሳልፉ ቤተሰቦቻችን ይህን ታሪክ በኢፍጧር ሰዓት ለልጆቻቸው ቢነግሩ ደስ ይለናል። ልጆች የሚወዱት ሌላም አለ። አንድ ቀን ኡሙ አይመን የሚጓዙበት ግመል ሲጠይቁ ነቢዩ የግመል ልጅ እንደሚሰጧቸው ነገሯቸው። ሕፃን ግመል እንዴት ይሸከመኛል ብለው ተጨነቁ። የትኛውም ግመል የግመል ልጅ መሆኑን ነቢዩ አስታወሷቸው።

ዐረብኛም አንደበታቸው ላይ ቀጥ አላለላቸውም ነበር። ሰላምታ ሲሰጡ ቃሉ ተጣሞ ትርጉሙ ስለሚገለበጥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰላም ብቻ እንዲሉ ፈቀዱላቸው። አላረሟቸውም፣ አላሳፈሯቸውም፤ መንገዱን አቀለሉላቸው። ይህን የምናነሣው ብዙ እናቶች ዐረብኛ ስለማይችሉ ዱዓ የማይችሉ ስለሚመስላቸው ነው። ከሰላት ውጭ የሚደረግ ዱዓ በአፋርኛም፣ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም ይደረጋል። ልብ የተጎዳበትን ነገር ሰው የሚናገረው ባደገበት ቋንቋ ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ የነካንን ዘገባ እንንገራችሁ። ነሳኢ አስተላልፈውታል። ከነቢዩ ቤተሰብ አንዲት ትንሽ ልጅ ሞት አፋፍ ላይ ደረሰች። ነቢዩ አንሥተው ወደ ደረታቸው አስጠጓት፣ እጃቸውን አኖሩባት፤ እዚያው በእጃቸው ላይ ነፍሷ ወጣች። ኡሙ አይመን አለቀሱ። ነቢዩ የአላህ መልእክተኛ አጠገባቸው ሆነው እንዴት እንደሚያለቅሱ ጠየቋቸው። ኡሙ አይመን አልደነገጡም። መልእክተኛው ራሳቸው እያለቀሱ እርሳቸው ለምን እንደማያለቅሱ መልሰው ጠየቁ። ያሳደጉት ልጅ ናቸውና የፊታቸውን እንባ ያውቁታል። ነቢዩም ያ እንባ ከአላህ የሆነ እዝነት መሆኑን ነገሯቸው።

ሃይማኖታችን ምን እንደከለከለ ሳንሸፍን እንናገር። ደረት መድቃት፣ ፊት መቧጨር፣ ልብስ መቅደድ፣ ሙሾ እያወረዱ የአላህን ውሳኔ መቃወም ክልክል ነው። ልቅሶ ግን ከዚህ ውስጥ የለም። ነቢዩ ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ዓይናቸው አንብቷል፣ ልባቸው ማዘኑን በአንደበታቸው ተናግረዋል፤ ጌታቸውን የማያስደስት ቃል ግን አልተናገሩም። የነቢዩ የዕቁብ (ዐ.ሰ.) ታሪክ በሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ ያማረ ሶብር ምን እንደሆነ የምንማርበት ነው። ያው የዕቁብ ናቸው ከሐዘን ብዛት ዓይናቸው የነጣው፣ ያው የዕቁብ ናቸው ብርቱ ሐዘናቸውን ለአላህ ብቻ እንደሚያሰሙ ለልጆቻቸው የተናገሩት። ሶብርና ስሞታ በአንድ ሰው፣ በአንድ ሱራ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሰመራ ላይ ድምፅ ማጉያ ስንይዝ ይህን ሱራ በቃላችን እናውቀው ነበር።

የኡሙ አይመን ከባዱ ዓመት የሒጅራ 8ኛው ነው። በጁማደል ኡላ (እ.ኤ.አ. 629) ዘይድ በሙእታ ጦርነት የሠራዊቱ መሪ ሆነው ተሰዉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዜናውን መዲና ላይ ለሰዎች ሲናገሩ ዓይኖቻቸው እንባ ያፈሱ ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ በሸዋል (እ.ኤ.አ. 630) የሑነይን ጦርነት ሆነ። ብዙው ሰው በተበተነበት በዚያ ሰዓት ከነቢዩ ጎን ጸንተው ከቆሙት ጥቂቶች አንዱ የበኩር ልጃቸው አይመን ነበሩ፤ እዚያው ተሰዉ። ባልና ልጅ በአንድ ዓመት። ኡሙ አይመን ራሳቸው የጦር ሜዳ እንግዳ አልነበሩም፤ በኡሑድ ለቆሰሉት ውሃ ሲያጠጡና ሲያክሙ ውለዋል፣ በኸይበርም ነበሩ። ሞትን ከሩቅ የሚያውቁ ሴት አይደሉም።

በ11ኛው ዓመት (እ.ኤ.አ. 632) ደግሞ ያ በአብዋእ በረሃ አቅፈው ያመጡት ልጅ፣ የአላህ መልእክተኛ፣ ከዚህ ዓለም ተለዩ። ነቢዩ በሕይወት ሳሉ ኡሙ አይመንን ይጠይቁ ነበርና፣ አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ.) ያንን ልማድ ላለማቋረጥ ሊጎበኟቸው ሄዱ። ሙስሊም በሶሒሓቸው እንደዘገቡት፣ ሁለቱ ሲገቡ ኡሙ አይመን አለቀሱ። እንግዶቹ አላህ ዘንድ ያለው ለመልእክተኛው የተሻለ መሆኑን እያነሡ ሊያጽናኗቸው ሞከሩ።

የኡሙ አይመን መልስ የሚገርም ነው። ያንን እንደሚያውቁ ነገሯቸው። የሚያለቅሱት አላህ ዘንድ ያለው እንደሚበልጥ ጠፍቷቸው ሳይሆን፣ ከሰማይ ይመጣ የነበረው ወሕይ ስለተቋረጠ መሆኑን ተናገሩ። አቡበክርና ዑመርም ሊያጽናኑ የመጡ ሰዎች ሆነው ሳለ አብረዋቸው አለቀሱ።

ይህን ሐዲስ ለዓመታት ስናስተምር ኖረናል፤ የምናስተምረው ግን ዘመድንና ባልንጀራን ስለ መጠየቅ ነበር። እውነት ነው፣ ያም አለበት። አሁን የሚታየን ሌላ ነው። ማጽናኛው ትክክል ነበር፣ ኡሙ አይመንም አልካዱትም፤ ያም ሆኖ እንባቸውን አልዋጡም። የአቡበክርና የዑመር ታላቅነት ደግሞ ትክክለኛውን ነገር ደግመው ከመናገር ይልቅ አብረው በማልቀሳቸው ታየ። እኛ ሰመራ ላይ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ሠራን። ትክክል የሆነውን ተናገርን፣ ሄድን።

እኚያን እናት ለማግኘት ሦስት ጊዜ ሞክረናል። ሁለት ጊዜ ሎግያ ገበያ ሄደዋል ተባልን፤ በሦስተኛው በር ላይ አንዲት ልጅ ወጥታ አያቷ እየሰገዱ መሆኑን ነገረችን። ረዘም ላለ ጊዜ ቆመን ጠበቅን። ከውስጥ ዝቅ ያለ የአፋርኛ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ሰላቱ አብቅቶ ዱዓ ላይ ነበሩ መሰለን። በሩን ማንኳኳት ከበደን፣ ተመለስን።

አዛውንቱ ከጅቡቲ መንገድ የሚመጣውን ሹፌርና መንገደኛ ሁሉ እስከ ዛሬ ይጠይቃሉ። ስለ ልጁ ዳጉ አልመጣም። በመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ኢንሻአላህ እንደገና ሰመራ እንሆናለን፤ ይህን ጋዜጣ ግን አስቀድመን ለአዛውንቱ ልከናል፣ በአፋርኛ እያነበቡ ለእናቲቱ እንዲያሰሟቸው። አንባቢያን ሆይ፣ ዛሬ ማታ ስታፈጥሩ ቴምሩን አፋችሁ ከማድረሳችሁ በፊት ለዚያ ልጅና ለእናቱ ዱዓ አድርጉ። ስሙን አልጻፍንም፤ አላህ ያውቀዋል።